ከራስ መኮንን ቤት እስከ ፒተርስበርግ የመድፈኞች ትምህርት ቤት
የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሕይወት

አንድ ወጣት ወደ ጦር መኮንኖች ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያስፈልገው የትልቅ ሰው ድጋፍ ነው ወይስ የራሱ ችሎታ? ይህ ጥያቄ ከዱባይ ከተማ ወደ ምሥራቅ፣ በሐጀር ተራሮች መካከል በምትገኘው በሐታ፣ በዕረፍት ቀን በምንሰባሰብ ኢትዮጵያውያን ዘንድ በተደጋጋሚ ተነሥቶ ብዙ አከራክሯል። ከመካከላችን አንዳንዱ ለታናሽ ወንድሙ፣ አንዳንዱም ለልጁ መንገድ የሚፈልግ በመሆኑ ክርክሩ ለጨዋታ ያህል የሚደረግ አይደለም። ያለ ሰው ምንም አይሆንም የሚሉ አሉ፤ ፈተናውን ያለፈን ማንም ሊከለክለው አይችልም የሚሉም አሉ።

ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል። ቀሪውን እውነት ለማግኘት ግን ከብዙ ንግግር ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት ይበልጥ ያስረዳል ብለን ስላመንን፣ በዚህ እትም የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። እኚህ ሰው በአውሮፓ ዘመናዊ የጦር ትምህርት ቤት ገብተው በመኮንንነት ከተመረቁት ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ስማቸው ከአርበኛው ከብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ስም ጋር ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ያሳስታቸዋል፤ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ልብ እንዲል እንወዳለን።

፩. የራስ መኮንን ቤት ልጅ

ተክለ ሐዋርያት የተወለደው በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሸዋ ነው። በዘመኑ እንደ ነበረው ልማድ በቤተ ክህነት ትምህርት ጀመረ፤ ከዚያም ገና ልጅ ሳለ ወደ ሐረር ሄዶ በራስ መኮንን ቤት አደገ። ራስ መኮንን የአፄ ምኒልክ የአክስት ልጅና የሐረርጌ ገዥ ሲሆኑ፣ ወደ አውሮፓ ተጉዘው የውጭውን ዓለም አሠራር በዓይናቸው ያዩ መስፍን ነበሩ።

በዚያን ጊዜ በአገራችን የጦር ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። የጦር ትምህርት ቤቱ የመኳንንቱ ቤት ነበር። ልጅ በመኳንንት ቤት ገብቶ ሲያገለግል ፈረስ መጋለብን፣ መሣሪያ መያዝን፣ ሥርዓት ማወቅን ይማራል፤ ጌታው ዓይኑን ጥሎ ሲያየው ቆይቶ ጠቃሚ መስሎ ከታየው ለሥራ ያጨዋል። ጌታ የሌለው ሰው ደግሞ ደጅ ይጠናል። ደጅ መጥናት ወራትና ዓመታት የሚፈጅ ነበር፤ ሰውየው ማለዳ ከግቢው በር ይቆማል፣ ይታያል፣ ይረሳል፣ እንደገና ይታያል። ሹመቱ ከመጣም የሚመጣው ከአንድ ሰው ቃል ነው፤ ሽረቱም እንዲሁ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት የበቀለው ከዚህ አፈር ነው። ሹመት ለሥራ የሚሰጥ ኃላፊነት ሳይሆን እስኪወሰድ ድረስ የሚበላ እንጀራ ሆኖ ይታይ ነበር።

በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ዘመቻ ሲታወጅ ተክለ ሐዋርያት የ11 ዓመት ልጅ ነበር። የራስ መኮንን ጦር በአምባላጌ፣ ከዚያም በመቀሌ ምሽግ ከበባ፣ በመጨረሻም የካቲት 23 ቀን በአድዋ ላይ ተዋግቷል፤ ልጁም ይህን ጦር ተከትሎ ዘመተ። በዚያ ጦርነት የመድፍን ነገር ያላየ አልነበረም። የኢትዮጵያን መድፎች ያዋጉ የነበሩት በጅሮንድ ባልቻ ሲሆኑ፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ከ50 በላይ የጣሊያን መድፎች በወገን እጅ ገብተዋል። ነገር ግን መድፍን መማረክ አንድ ነገር ነው፤ መድፍን አውቆ መተኮስ ሌላ ነው። ርቀት ለክቶ፣ ሒሳብ አስልቶ፣ ባሩዱን መዝኖ የሚያነጣጥር ሰው ያስፈልጋል። ይህ ዕውቀት ደግሞ በደጅ ጥናት አይገኝም።

፪. ሦስት ሰዎች የከፈቱት በር

ከድሉ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን የአድዋ ቁስለኞችን ለመርዳት ወደ አገራችን መጣ። በሕክምና ትምህርት ላይ ላለነው ይህ ቡድን በተለየ የሚታወስ ነው፤ ዘመናዊ የሆስፒታል ሕክምና በአዲስ አበባ ሥር መስደድ የጀመረው በሩሲያውያን ሐኪሞች አማካይነት ነውና። ሩሲያ በሃይማኖት ትቀርበናለች፣ በአፍሪካም ቅኝ ግዛት የላትም ተብሎ ስለሚታመን በሁለቱ መንግሥታት መካከል መልካም ግንኙነት ተፈጥሮ ነበር። በዚህ ግንኙነት ውስጥ ይመላለስ የነበረ ሊዮንቲየቭ የሚባል የቀድሞ የሩሲያ መኮንን ነበር። ራስ መኮንን ልጁን ተክለ ሐዋርያትን ሩሲያ ሄዶ እንዲማር ከዚህ ሰው ጋር ላኩት።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥቆማ ያደረጉት ራስ መኮንን ናቸው። ሁለተኛው ሊዮንቲየቭ ነው፤ እርሱ ልጁን ባሕር አሻግሮ አደረሰ። ነገር ግን የሁለቱ ድጋፍ ብቻውን ልጁን የትም ባላደረሰው ነበር። ሦስተኛው ሰው ኮሎኔል ሞልቻኖቭ የሚባል የሩሲያ መኮንን ነው። ኮሎኔሉ ልጁን በቤቱ ተቀብሎ እንደ አሳዳጊ አባት ሆኖ አሳደገው። በኮሎኔሉ ቤት ቋንቋውን፣ የአገሩን ወግና መደበኛውን ትምህርት ተማረ።

በዚያ ዘመን በሩሲያም ሆነ በቀረው አውሮፓ የመኮንንነት በር ለሁሉም እኩል የተከፈተ አልነበረም። የመሳፍንትና የመኮንኖች ልጆች ቅድሚያ ነበራቸው። በእንግሊዝ አገር እስከ 1871 እ.ኤ.አ. ድረስ የእግረኛና የፈረሰኛ ጦር መኮንንነት በገንዘብ ይገዛ ነበር፤ አባቱ ከፍሎ ልጁ ሻለቃ ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚያው በእንግሊዝ አገር የመድፈኛና የመሐንዲስ ክፍል መኮንንነት በገንዘብ ተገዝቶ አያውቅም፤ ወደዚያ የሚወስደው ዋናው መንገድ በዉሊች የነበረው የጦር አካዳሚ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሒሳብ የማያውቅ ባለገንዘብ ፈረሰኞችን እየመራ ሊፎክር ይችላል፤ መድፍ ላይ ሲቆም ግን የገዛ ወገኑን ይፈጃል። መድፍ ዘር አይቆጥርም።

ተክለ ሐዋርያት የገባው ወደዚህ ዘር ወደማይቆጥረው ክፍል ነው። የተማረው በፒተርስበርግ በሚገኘው ሚካኤሎቭ በሚባለው የመድፈኞች ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ይህ ትምህርት ቤት በ1820 እ.ኤ.አ. የተቋቋመና በሩሲያ ከታወቁት የጦር ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። እዚያ የሚሰጠው ትምህርት ከሒሳብና ከፊዚክስ ጋር የተያያዘ ነው። የራስ መኮንን ስም የሩሲያን የሒሳብ መምህር አያስደነግጥም። የኮሎኔል ሞልቻኖቭ ደግነትም በፈተና ወረቀት ላይ መልስ አይጽፍም። በሩን ሦስት ሰዎች ከፈቱለት፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን መንገድ ግን በራሱ እግር ሄደ። ትምህርቱንም ፈጽሞ በመኮንንነት ተመረቀ። ሲሄድ የ12 ዓመት ያህል ልጅ የነበረው ብላቴና እዚህ ላይ ሙሉ ሰው ሆኗልና ከእንግዲህ አንቱ እንላቸዋለን።

በሩሲያ በቆዩበት ዘመን በ1904 እና በ1905 እ.ኤ.አ. የሩሲያና የጃፓን ጦርነት ተካሄደ። አውሮፓ የናቃት ጃፓን ታላቋን ሩሲያ በምድርም በባሕርም ድል አደረገች። ለአንድ ኢትዮጵያዊ የጦር ተማሪ ይህ ቀላል ትምህርት አልነበረም። ጃፓን ያሸነፈችው በጀግንነት ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤት በማቋቋም፣ መኮንኖችን በሥርዓት በመመልመልና በማሠልጠን ጭምር ነው። በኋላ ዘመን የጃፓንን አርአያነት ከሚደግፉት ኢትዮጵያውያን ምሁራን መካከል ተክለ ሐዋርያት ግንባር ቀደም መሆናቸው የሚያስገርም አይደለም።

፫. ጠቋሚው በሌለበት

ተክለ ሐዋርያት ከአሥር ዓመት በላይ በውጭ አገር ቆይተው ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ያገኙት አገር ትተውት የሄዱትን አይመስልም ነበር። ወደ ሩሲያ የላኳቸው ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. አርፈዋል። አፄ ምኒልክ በጽኑ ሕመም ተይዘው ነበር፤ በቤተ መንግሥቱም የወራሽነት ፉክክር ተጀምሯል።

በአንድ ሰው ጥቆማ የሄደ ሰው ሲመለስ ያ ሰው ከሌለ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ ዛሬም በመንግሥት ስኮላርሺፕ የምንማረውን ሁሉ የሚመለከት ነው። የጻፈልን ባለሥልጣን ይሻራል፣ ጡረታ ይወጣል፣ ይሞታል። በተክለ ሐዋርያት ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ያጫቸው ሰው ሞቷል፤ ሊቀበላቸው የሚገባ መሥሪያ ቤት ደግሞ አልተፈጠረም። የመድፈኛ መኮንን ናቸው፤ ነገር ግን የመድፈኞች ትምህርት ቤት የለም፣ የማዕረግ ደንብ የለም፣ መደበኛ የመድፈኛ ጦር ክፍል የለም። መድፎቹ በግምጃ ቤት ተቀምጠዋል።

በሕክምና ትምህርት እንደምናውቀው፣ ለበሽተኛ የሚሰጥ ጤነኛ ኩላሊት የደም ሥር ካልተቀጠለለት በሽተኛው ሰውነት ውስጥ ተቀምጦ ይሞታል። ጥፋቱ የኩላሊቱ አይደለም። ከአገር ውጭ በብዙ ድካም የሠለጠነ ሰውም የሚቀጠልበት ሥርዓት ከሌለ እንደዚሁ ነው። ተክለ ሐዋርያት ግን ተቀምጠው አልጠፉም። እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዱና የእርሻን ትምህርት ተከታተሉ፤ በ1904 ዓ.ም. ገደማም ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሱ። አገሩ መድፈኛ ካላስፈለገው ገበሬ ያስፈልገዋል ብለው ያሰቡ ይመስላል። ይህ ውሳኔ ትልቅ ትሕትና የሚጠይቅ ነው፤ በመኮንንነት የተመረቀ ሰው ስለ አፈርና ስለ ዘር ለመማር እንደገና ደብተር መያዙ በዚያን ጊዜ ለመኳንንቱ እንግዳ ነገር ነበር።

፬. ሹመትና ሥራ

ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱና ንግሥት ዘውዲቱ ከነገሡ፣ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ከሆኑ በኋላ፣ ተክለ ሐዋርያት በተለያዩ የአስተዳደር ሥራዎች ተሾሙ። በመጀመሪያ ጅጅጋን፣ በኋላም ጨርጨርን አስተዳደሩ። በጨርጨር የሠሩት ሥራ ከሁሉ ይበልጥ ይነገርላቸዋል። የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቆርቁረው በፕላን እንድትሠራ አደረጉ፤ አውራጃውም በደንብ የሚተዳደር የአርአያ አውራጃ እንዲሆን ተመረጠ። የተሾመ ሰው በልማድ እንደሚያደርገው ከሕዝቡ ያሻውን መሰብሰቡ ቀርቶ ግብሩና አስተዳደሩ በተወሰነ ሥርዓት እንዲሄድ ጣሩ። ሹመትን ከእንጀራነት ወደ ኃላፊነት ለመለወጥ የተደረገ ሙከራ ነበር ለማለት ይቻላል።

ከዚህም ሌላ ተክለ ሐዋርያት የአገራችን የመጀመሪያው የቲያትር ደራሲ ናቸው። ፋቡላ የተባለው ሥራቸው በአውሬዎች ምሳሌ የተጻፈ ሲሆን፣ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ የነበረውን ብልሹ አሠራር የሚነቅፍ ነበር። አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ መኳንንቱ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ቲያትሩ ታገደ። ተሿሚ ሆኖ የሹመትን ሥርዓት በአደባባይ መንቀፍ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

፭. ሕገ መንግሥቱና የመምረጥ ጉዳይ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ ተክለ ሐዋርያት በበጅሮንድነት ማዕረግ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በአድዋ መድፎቹን ያዋጉት ባልቻም በዚያን ጊዜ ይጠሩበት የነበረው በዚሁ በበጅሮንድነት ማዕረግ ነበር። በሩሲያ መድፈኛ ሆነው የሠለጠኑት ሰው የመድፈኛውን የባልቻን ማዕረግ አገኙ፤ ያገኙት ግን ለመድፍ ሳይሆን ለሣጥን ነው።

በዚሁ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት እንዲያዘጋጁ ተክለ ሐዋርያትን አዘዟቸው። ሕገ መንግሥቱ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። 55 አንቀጾች ያሉት ሲሆን፣ በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጃፓንን ሕገ መንግሥት በአርአያነት ተከትሏል።

ስለ ጥቆማና ስለ ሹመት ለሚያስብ አንባቢ ይህ ሕግ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ሁለት ምክር ቤቶች አቋቁሟል። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት እንዲመረጡ ተደነገገ። በሌላ አነጋገር ሥርዓቱ እንደ በፊቱ ከላይ በሚመጣ ጥቆማ የሚሠራ ነበር። ልዩነቱ አሁን ጥቆማው በጽሑፍ ሠፈረ፤ ጊዜያዊ መሆኑም አብሮ ተጻፈ። ከዚያ በፊት የሹመት አሠራር ወሰን የሌለው ልማድ ነበር። ጊዜያዊ ተብሎ የተጻፈ ነገር ደግሞ መቼ ያበቃል ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ተከታዩ ትውልድ ይህንኑ ጠይቋል፤ ጥያቄውንም ከማንም በላይ በአገር ውስጥና በውጭ ያሉ ተማሪዎች አንሥተውታል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ወሰነ፤ የመወሰኛው ግን እስከ መጨረሻው ድረስ በሹመት ቀጠለ።

፮. ጄኔቭና ስደት

ተክለ ሐዋርያት ከዚያ በኋላ ወደ አውሮፓ ተልከው በፓሪስና በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር፣ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር የአገራችን መልእክተኛ ሆኑ። በኅዳር 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ከተፈጠረ ጀምሮ ጣሊያን ጦርነት እያዘጋጀች ነበርና፣ ሥራቸው በዓለም መንግሥታት ፊት የአገርን ፍርድ መጠየቅ ሆነ። ከፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ከፕሮፌሰር ዤዝ ጋር ሆነው ጉዳዩን ተከራከሩ። ነገሩን የሚሰሙት ታላላቅ መንግሥታት ግን ፍርድን ሳይሆን የራሳቸውን ጥቅም ይመዝኑ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።

ተክለ ሐዋርያት ወደ አገር ተመልሰው እንደገና ወደ ጨርጨር ሄዱ። ጦራችን በማይጨው ከተሸነፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ወደ ጅቡቲ አመሩ። ተክለ ሐዋርያት የንጉሠ ነገሥቱን ከአገር መውጣት ተቃወሙ፤ በአገር ውስጥ ሆኖ ጦርነቱን መቀጠል ይገባል የሚል አቋም ነበራቸው።

ስለዚህ ውሳኔ ትክክለኛነት የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጄኔቭ መሄድ የኢትዮጵያን ጉዳይ በዓለም ፊት ሕያው አድርጎ አቆይቶታል የሚለው ወገንም የራሱ ማስረጃ አለው። እኛን ግን እዚህ ላይ የሚመለከተን ሌላ ነገር ነው። ተክለ ሐዋርያት በራስ መኮንን ቤት ያደጉ፣ በራስ መኮንን የተላኩ፣ በራስ መኮንን ልጅም በሚኒስትርነት የተሾሙ ሰው ነበሩ። በደጅ ጥናቱ ሥርዓት ሚዛን ከሆነ ዕዳቸው ሁሉ ለዚያ ቤት ነው። እሳቸው ግን ዕዳው ለአገር ነው ብለው ቆጠሩት፤ ለሾሟቸው ሰው ሊሰማ የማይወደውን ነገር ተናገሩ። ዋጋውንም ከፈሉ። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተለያይተው ስደታቸውን ለብቻቸው ተሰደዱ፤ የስደታቸውም ረጅሙ ክፍል በማዳጋስካር ደሴት አለፈ። አገር ነፃ ከወጣ በኋላም ብዙ ዓመታት ቆይተው ነው የተመለሱት። ከዚያ ወዲያ ትልቅ ሹመት አልፈለጉም፤ በሐረርጌ በሂርና በእርሻ ሥራ ኖሩ። በ1901 ዓ.ም. አካባቢ ከመድፍ ወደ ማረሻ ያዞራቸው ሐሳብ በእርጅናቸው ዘመን እንጀራቸው ሆነ።

ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት አርአያ የተባለው የታወቀ ልብ ወለድ ደራሲ ናቸው። ተክለ ሐዋርያት ራሳቸው የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ትተዋል፤ መጽሐፉም የሕይወቴ ታሪክ በሚል ስም በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። በ1969 ዓ.ም. በ92 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ።

፯. ከእሳቸው በኋላ የመጡት ዕጩ መኮንኖች

ለተክለ ሐዋርያት ያልተደረገው ነገር ለተከታዮቻቸው በከፊል ተደርጓል። በ1927 ዓ.ም.፣ እሳቸው በአውሮፓ ሲከራከሩ፣ በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አሠልጣኞቹ በሻምበል ታም የሚመሩ 5 የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ስለሚሰጥ ዕጩ መኮንኖቹ የተመረጡት በአዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ከሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች ነው። የመመልመያው ሚዛን ከመኳንንት ቤት ወደ ትምህርት ቤት መዛወር ጀመረ ማለት ነው። ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው፤ ከእነሱ ብዙዎቹ በ1928 ዓ.ም. በወለጋ ጥቁር አንበሳ በተባለው የአርበኞች ማኅበር ተሰባስበው ታገሉ። የዚህ ማኅበር መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ በእንስሳት ሕክምና የሠለጠኑ ሰው መሆናቸውን የሕክምና ተማሪዎች በኩራት እናስታውሳለን። ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊና ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይም የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ የሐረር ጦር አካዳሚ በሕንድ መኮንኖች መሪነት ሥራ ጀመረ፤ ዕጩዎቹንም ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ውጤት ካመጡት መካከል መለመለ።

በቋንቋችን በጦር ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ ዕጩ መኮንን መባሉ ብዙ የሚያስተምር ነው። ታጨ እንጂ ገና አልሆነም። በሌሎች አገሮችም አሠራሩ በዚሁ መልክ የተከፈለ ነው። በአሜሪካ ወደ ዌስት ፖይንት፣ ወደ ባሕር ኃይልና ወደ አየር ኃይል አካዳሚዎች የሚያመለክት ወጣት በቅድሚያ ከሕግ መምሪያ ወይም ከሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል፣ አለዚያም ከሌላ ሕጉ ከፈቀደለት ሰው ጥቆማ ማግኘት አለበት። እያንዳንዱ የምክር ቤት አባል በአንድ ጊዜ በአካዳሚው ሊኖሩት የሚችሉት 5 ተማሪዎች ናቸው። ጥቆማው ግን ለመወዳደር የሚያበቃ ወረቀት እንጂ መግቢያ አይደለም። ትምህርቱ፣ የአካል ብቃቱና የጤና ምርመራው ታይቶ የሚቀበለው አካዳሚው ነው። የባሕር ጠረፍ ጥበቃው አካዳሚ ደግሞ ጥቆማ አይጠይቅም፤ በውድድር ብቻ ይቀበላል። ከሌላ አገር የሚመጡ ተማሪዎችን በተመለከተ፣ በአሜሪካም ሆነ በእንግሊዙ ሳንድኸርስት፣ ዕጩውን የሚያቀርበው የገዛ መንግሥቱ ነው። ስለዚህ በባዕድ አገር ያለ ኢትዮጵያዊ ወጣት በግሉ ደብዳቤ ጽፎ የሚገባበት መንገድ አይደለም፤ መንገዱ በአገሩ መንግሥት በኩል ያልፋል።

፰. ከዚህ ሕይወት የምንማረው

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የትልቅ ሰው ድጋፍ ወይስ የራስ ችሎታ? የተክለ ሐዋርያት ሕይወት የሚመልሰው እንዲህ ነው። ድጋፍ በሩን ይከፍታል፤ ከበሩ ወዲያ አይከተልም። ስለዚህ ለማመልከት የሚያስብ ወጣት ደጋፊ በመፈለግ የሚያጠፋውን ጊዜ ያህል፣ ከዚያም አብልጦ፣ ለሒሳቡ፣ ለቋንቋውና ለጤናው ያውል። ምስክርነት ሲጠይቅም ከስሙ ታላቅነት ይልቅ በቅርብ የሚያውቀውን ሰው ይምረጥ። ለተክለ ሐዋርያት ከራስ መኮንን ስም ይልቅ የጠቀማቸው በየቀኑ ያያቸው የነበረው የኮሎኔል ሞልቻኖቭ ቤት ነውና።

ሁለተኛው ትምህርት የሚመለከተው ላኪዎችን ነው። ሰውን መርጦ መላክ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሲመለስ የሚቆምበት ቦታ ካልተዘጋጀለት፣ አገር በአንድ እጇ የሰጠችውን በሌላው እጇ ትጥለዋለች። የአድዋ መድፎች በግምጃ ቤት ተቀምጠው፣ ስለ መድፍ ጠንቅቆ የተማረው ሰው ደግሞ ሌላ ሙያ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ መሄዱ የአንድ ሰው ዕድል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከአድዋ ድል ከ40 ዓመት በኋላ በማይጨው የታየው የመድፍና የሠለጠነ መኮንን ጉድለት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ሦስተኛው ለሁላችንም ነው። ከእኛ መካከል ያለ አንድ ሰው ፊርማ እዚህ የደረሰ የለም። ያን ፊርማ ያኖረልንን ሰው ማመስገን ተገቢ ነው። ነገር ግን ስኮላርሺፑን የከፈለው ፈራሚው አይደለም፤ ሕዝብ ነው። ተክለ ሐዋርያት ይህን ያወቁት ቀን፣ የሚያስደስተውን ቃል ትተው የሚያስፈልገውን ቃል ተናገሩ፤ ያጡትም ሹመታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ በሂርና ማሳ ላይ ያሳለፉትን ዘመን ማንም አልሰጣቸውም፤ ማንም ሊሽራቸውም አልቻለም።